የኪስ ሞንታርቦ

ዕቃው አገር ቤት የገባው ዋሽንግተን አካባቢ በምትኖረው የአክስቴ ልጅ ሻንጣ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይፈቀድለታል፤ ከዚያ ውስጥ የራሱ የሆነው ሁለት ኪሎ ቢሞላ ነው። የተረፈው አደራ ነው። የእትዬ እገሊት የደም ግፊት መድኃኒት፣ የእገሌ ልጅ ጫማ፣ የጎረቤት ላፕቶፕ፣ ለማን እንደሆነ የተረሳ ቫይታሚን። በዚህ ሁሉ መሀል የእኔ ሄድፎን ካርቶኑን አንሰራፍቶ መጣ። የአክስቴ ልጅ ስታስረክበኝ፣ «ለዚህ ካርቶን ስል የሁለት ሕፃን ጫማ አስቀርቻለሁ፤ እናቶቻቸው ሲያኮርፉኝ አንተ ትመልስላቸዋለህ» አለችኝ።

እማዬ ቡና እየቆላች ነበር። ካርቶኑ ሲከፈት ቀና ብላ፣ «ኤርፎን ነው?» አለች። ለእሷ ጆሮ ላይ የሚውል ነገር ሁሉ ኤርፎን ነው። «ሄድፎን ነው እማዬ። ሴንሃይዘር ኤችዲ 600» አልኳት፣ ቁጥሩን እንደ ማዕረግ ረገጥ አድርጌ። እ.ኤ.አ. በ1997 ከወጣ ጀምሮ ስንት የሙዚቃ ባለሙያ እንዳመሰገነው ላስረዳት አፌን ስከፍት የቡናውን ጭስ ወደ እኔ አራገበችና፣ «ደስ ይላል፤ አንድ ቀን ታሰማኛለህ» ብላ ወደ ምጣዷ ተመለሰች። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ።

ወዳጄ ግን ለቡና ተጠርቶ ነበር።

ይህ ወዳጄ ስለ ድምፅ የሚያውቅ ሰው ነው። ሦስት ማጉያና ዐሥራ አንድ ዘፈን አለው። ሄድፎኑን በሁለት እጁ ተቀብሎ እንደ አራስ ልጅ አገላበጠው፤ ስፖንጁን ጨመቅ አደረገ፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አነበበ። ከዚያ የላቦራቶሪ ውጤት እንደሚያይ ሐኪም ከንፈሩን መጠጠ።

«300 ኦም ነው» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«እና?»

«ማጉያስ አለህ?»

የለኝም አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሦስት ሳምንት አንድ ዘፈን ከራሱ እስከ ጅራቱ አልሰማሁም።

መቼም እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች ብቻውን የሚሠራ ዕቃ አለ ብለን ማመን ካቆምን ቆይተናል። ፍሪጅ የገዛ ስታብላይዘር ይጨምራል፤ ካልጨመረ መብራት ሄዶ የመጣ ቀን ምን እንደሚጠብቀው ጎረቤት ሳይጠየቅ ይነግረዋል። ቧንቧ ያስገባ ሮቶ ያስፈልገዋል፤ ሮቶ የሰቀለ ፓምፕ ያስፈልገዋል። ስልክ የገዛ ሰው ከሱቁ ደጃፍ ሳይርቅ ግላስ ተለጥፎለት፣ ከቨር ተገዝቶለት፣ ፓወር ባንክ በእጁ ይዞ ነው የሚወጣው። ዕቃ እንደ ሙሽራ ነው፤ ያለ ሚዜ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ «ሄድፎንህ ማጉያ ይፈልጋል» ሲሉኝ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። «እንዴት እስከ ዛሬ ሳልገዛለት!» የሚል ጸጸት ነው ቀድሞ የመጣብኝ።

ነገሩን ለእማዬ አማከርኳት። በስልኩና በሄድፎኑ መሀል የምትገባ፣ በባትሪ የምትሠራ፣ የሲጋራ ፓኮ የምታክል፣ ድምፅ የምታሳድግ ነገር መሆኗን በእጄ ጭምር እያሳየሁ አስረዳኋት። እማዬ ትንሽ አሰበችና ፊቷ በራ።

«ሞንታርቦ ነዋ! ለሰርግ የሚተከለው። አንተ ለጆሮህ ልታስተክል ነው?»

እውነቱን ለመናገር ከዚህ የተሻለ ትርጓሜ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ወዳጄን ግን ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ማለት አይቻልም። ማጉያ የግድ የሚለው ሄድፎን አለ። ነገሩ የኮንዶሚኒየም ውኃ ዓይነት ነው። ኦም የሚባለው በሄድፎኑ ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው እምቢታ ነው፤ በእኛ ሰፈር ቋንቋ የፎቁ ቁጥር በሉት። ባለ 32 ኦሙ ግራውንድ ላይ ይኖራል፤ ባለ 300ው አራተኛ ፎቅ ላይ። ቮልት የመሥመሩ ግፊት ነው። ስልክ ግፊቱ ደከም ያለ መሥመር ስለሆነ ለግራውንዱ ይደርሳል፤ ወደ ላይ ሲወጣ እያነሰ ይሄዳል። ማጉያ ማለት እንግዲህ ፓምፕ ነው።

እዚህ ድረስ ወዳጄ ልክ ነው። የረሳው ባልዲውን ነው። ሄድፎን ሁሉ በተሰጠው ጉልበት እኩል አይጮኽም። አንዱ በጠብታ ይሞላል፤ ሌላው በርሜል ይዞ ይቆማል። ሃይፋይማን ኤችኢ-6 የሚባል ሄድፎን አለ፤ እምቢታው 50 ኦም ብቻ ነው። ኦም ቆጣሪ ሰው ቢያየው «ይሄማ ለስልክ ነው» ይላል። ግን በአንድ ሚሊዋት የሚሰጠው 83.5 ዴሲቤል ብቻ ስለሆነ የትልቅ ቴፕ አምፕሊፋየር ካልተገጠመለት አፉን አይከፍትም። ፎቁ አንደኛ ነው፤ ባልዲው ግን በርሜል ነው። በተቃራኒው ጆሮ ውስጥ የሚሰኩት ትናንሾቹ በጠብታ የሚጠግቡ ናቸው። ለእነሱ ፓምፕ ብትገጥምላቸው ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት የፓምፑን የራሱን ትንፋሽ፣ «ሽሽሽ» የሚለውን ነው የምትሰማው።

ፓምፑ ቤቱ ውስጥ ተገጥሞ የመጣም አለ። አንድ ጎረቤቴ ማጉያ ገዛሁ ብሎ በደስታ መጣ፤ ሄድፎኑ ብሉቱዝ ነው። ብሉቱዝ ሄድፎን ድምፁን በአየር ይቀበላል፣ ራሱ ይፈታል፣ ራሱ ያሳድጋል፤ ማጉያው ከፋብሪካ ሲወጣ ሆዱ ውስጥ ነው። ጎረቤቴ አዲሷን ማጉያ በአንድ እጁ፣ ሄድፎኑን በሌላው ይዞ የሚያገናኛቸው ቀዳዳ ፍለጋ ግማሽ ቀን ዞረ። መጨረሻ ላይ ማጉያዋን ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀመጣት። እስካሁን እዚያው አለች፤ የእንግዳ ዓይን ትስባለች።

ሌላም ፓምፕ የማይፈታው ነገር አለ። መሥመሩ ውስጥ ውኃ ከሌለ ፓምፑ የሚስበው አየር ነው። እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ዘፈን የጥላሁን ገሠሠ ነው፤ ቅጂው ግን የአባቴ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና፣ ዘፈኑ በሬዲዮ ሲመጣ ቴፑን ሬዲዮው ፊት ደቅኖ በማይክ ነው የቀዳው። ከዘፈኑ መሀል ላይ የራሱ ድምፅ ይሰማል፤ «በሩን ዝጉት!» ይላል፣ በቁጣ። እኛ ቤት ይህ የግጥሙ አካል ነው። ዘፈኑን ሌላ ቦታ ሰምተን ያ ቦታ ላይ ሲደርስ «በሩን ዝጉት» ሳይባል ካለፈ እኔና እህቴ አንድ ነገር የተቆረጠብን ይመስለናል። ካሴቱ ሊበጠስ ሲል ሱቅ ወስጄ ፍላሽ ላይ አስገለበጥኩት። እንግዲህ ከሬዲዮ ወደ ማይክ፣ ከማይክ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ፍላሽ፣ ከፍላሽ ወደ ስልክ የተሰደደ ዘፈን ነው። እኔ ደግሞ የመጨረሻውን አንድ ክንድ መንገድ በወርቅ ላነጥፍለት እየተጨነቅሁ ነው።

የሚገርመው ሄድፎን ራሱ የተወደደው ማጉያ ባልነበረበት ዘመን መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ዩታ በሚባለው የአሜሪካ ግዛት ናታንኤል ባልድዊን የተባለ ሰው ማድ ቤቱ ውስጥ የሠራውን ጥንድ ማዳመጫ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ላከ። በዚያን ጊዜ በራዲዮ የሚመጣ መልእክት ከትንኝ ድምፅ አይበልጥም ነበር፤ ድምፁን የሚያሳድግ መሣሪያ ገና ሥራ ላይ ስላልዋለ ጆሮን ወደ ድምፁ ማስጠጋት ግድ ሆነ። ባሕር ኃይሉ ሞክሮ ወደደው። በርከት አድርገህ ሥራልን ሲሉት ሰውየው በአንድ ጊዜ ከዐሥር በላይ አልችልም አላቸው፤ ፋብሪካው ማድ ቤቱ ነዋ። መርከበኛው ያለ ማጉያ የባሕሩን ወሬ ሰማ። እኔ ከመቶ ዓመት በኋላ ኪሴ ውስጥ ይህን ሁሉ ቴክኖሎጂ ይዤ «ድምፅ ያንሰኝ ይሆን?» እያልኩ እንቅልፍ አጣለሁ።

ወዳጄ መጠራጠሬን ሲያይ ቤቱ ጠራኝ። ሄድፎኔን ይዤ ሄድኩ። ሦስቱ ማጉያዎች ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል፤ አንዷ «ለጠዋት» ናት፣ አንዷ «ለድምፃውያን»፣ ሦስተኛዋን ገና እያጠናት ነው። ቋንቋው ልዩ ነው። ስለ ድምፅ ሲያወራ ድምፅ የሚለውን ቃል አይጠቀምም። «ይሄኛው ሞቅ ይላል»፣ «ያኛው አየር አለው»፣ «ይቺ መጋረጃ ታነሣለች»። ቡና ቀማሾች ሲያወሩ እንደመስማት ነው፤ ልዩነቱ እነሱ ሲጨርሱ ይተፉታል።

መጀመሪያ ከስልክ ብቻ አሰማኝ። ጥሩ ነው። ቀጥሎ በማጉያ አሰማኝ። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ሆነ። ቤዙ ደረቴ ውስጥ ገባ፤ ከበሮው ቀረበ፤ ዘፋኙ ትከሻዬ ላይ እጁን ጣል ያደረገ መሰለኝ።

«መጋረጃው ሲነሣ አየኸው?»

አየሁት። የመጋረጃውን ቀለም ሳይቀር ልነግረው እችል ነበር።

ያላየሁት አውራ ጣቱን ነው። ማጉያውን ሲያበራ ማዞሪያውን ጥቂት ወደ ቀኝ ገፋ አድርጎታል። ተንኮል አይደለም፤ ጣቱ ራሱ አያውቅም። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተሙት ጥናት ጆሮ ሁሉንም ድምፅ በእኩል ዓይን እንደማያይ አሳይተዋል። ሙዚቃ ቀስ ብሎ ሲከፈት ወፍራሙ ድምፅ ይደበቃል፤ ከፍ ሲል ይወጣል። ስለዚህ አንዱን ዘፈን ትንሽ ከፍ ብታደርገው ቤዙ የሞላ፣ ዝርዝሩ የጠራ ይመስላል። ጭማሪው ትንሽ ከሆነ ጆሮ «ጮኸ» አይልም፤ «አማረ» ነው የሚለው። የፒያሳና የመርካቶ ካሴት ቤቶች ይህን ያለ ፍሌቸርና ያለ መንሰን ያውቁት ነበር። ገዢ በር ላይ ቆሞ ሲያመነታ ሻጩ ስለ ዘፈኑ አይሰብክም፤ እጁን ወደ ቮሊዩሙ ይሰዳል።

ያኔ ግን ይህን ሁሉ አላሰብኩም። መጋረጃ ተነሥቶልኝ ነዋ ቤቴ የገባሁት። ማታውን ዋጋ ስደምር አደርኩ። ማጉያዋ ብቻዋን ወደ ሁለት ወር የቤት ኪራይ ትጠጋለች። «ግን እኮ የዕድሜ ልክ ዕቃ ናት» አልኩ ለራሴ። የማያስፈልገውን ሊገዛ የተነሣ ሰው ሁሉ የሚለውን ነው ያልኩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ከአንባቢ መደበቅ አልፈልግም። የማጉያዋ ዋና ሙያ ተንቀሳቃሽ መሆኗ ነው፤ ኪስ ውስጥ ትገባለች። ኤችዲ 600 ደግሞ ከቤት የማይወጣ ሄድፎን ነው። ጀርባው ወንፊት ነው፤ ድምፁ ወደ ጆሮም ወደ ውጭም እኩል ይፈስሳል። ገመዱ 3 ሜትር ነው። እስኪ ይህን አጥልቄ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ስገባ አስቡት። እኔ ኋላ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ የገመዱ ጫፍ ጋቢና ያለውን ሰው አንቆ ይይዛል። ረዳቱ ሂሳብ ሲሰበስብ ይጠለፍበታል። ተሳፋሪው በሙሉ ዘፈኑን ከእኔ ጋር ይሰማል፤ «በሩን ዝጉት!» የሚለው ቦታ ላይ ስንደርስ ረዳቱ በሩን ይዘጋል። ለዚህ ነው እንግዲህ ተንቀሳቃሽ ማጉያ የምገዛው። ከቤት ለማይወጣ ሰው ጃንጥላ መግዛት በሉት።

ይህንን ለወዳጄ ሳነሣበት ለአፍታ አልተደናገጠም። «መብራት ሲጠፋስ?» አለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ «መብራት ሲጠፋስ?» የተባለ ሰው ክርክሩን ተሸንፏል።

ያዳነኝ መንገድ የመጣው ከእህቴ ልጅ ነው። ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ሦስተኛ ዓመት ናት፤ ለእረፍት መጥታ እማዬ ጋ ሰንብታለች። በማጉያ ምርጫ ራሴን ስበላ ሦስት ቀን ዝም ብላ አየችኝ። በአራተኛው ቀን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ሁለት ቁጥር ስጠኝ።»

ካርቶኑን ሰጠኋት። ሄድፎኑ በ1 ቮልት 97 ዴሲቤል ይሰጣል። ጻፈች። ስልኬን አየች። እ.ኤ.አ. በ2016 አይፎን 7 ያለ ሄድፎን ቀዳዳ ከወጣ ወዲህ እየተደፈኑ ከመጡት ስልኮች አንዱ ስለሆነ በአፕል አጭር መቀጠያ ገመድ ነው የምሰካው። ገመዷን አገላብጣ አየቻት። «ከአሜሪካ ናት? ጥሩ። የአሜሪካዋ ወደ 1 ቮልት ትሰጣለች፤ በመልክ እሷኑ የምትመስለው የአውሮፓዋ ግማሹን ነው።» ከዚያ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«አለቀ። ሙሉ ስትከፍተው 97 ነው። ሙዚቃ ሁልጊዜ ጣሪያው ላይ አይንጠለጠልም፤ ዐሥር ዐሥራ አምስት ዝቅ ብሎ ነው የሚውለው። ሰማንያዎቹ ውስጥ ነህ ማለት ነው።»

«በቂ ነው ወይስ አይደለም?»

«የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት 40 ሰዓት የሚፈቅደው በ80 ዴሲቤል ነው። 90 ላይ 4 ሰዓት ብቻ ነው። ማጉያ ጨምረህ 10 ዴሲቤል ብታገኝ፣ ገንዘብ ከፍለህ 36 ሰዓት ሸጥክ።»

ዝም አልኩ። ሒሳብ ሲገጥመኝ የማደርገው ነው። እሷ ግን አልጨረሰችም። ስልኬ ሙሉ ሲከፈት ለሄድፎኑ የሚሰጠው ወደ 3 ሚሊዋት እንደሆነ፣ የድሮው ባለ 40 ዋት አምፖል የሚበላው ኤሌክትሪክ 12,000 እንዲህ ያለ ሄድፎን እንደሚያዘፍን ነገረችኝ። ዴሲቤል የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከአሌክሳንደር ግርሃም ቤል ነው አለችኝ፤ መስማት የተሳናቸውን ያስተምር የነበረ፣ እናቱም ሚስቱም የመስማት ችግር የነበረባቸው ሰው። ይህን ስትል ጆሮዬን አተኩራ አየችው።

«ሲምፎኒ ብትሰማ ሌላ ነገር ነበር» አለች፣ ስታዝንልኝ። «ብዙውን ጊዜ አንሾካሹኮ ድንገት የሚፈነዳ ቅጂ ላይ ስልክህ ሊያጥረው ይችላል። ያኔ ማጉያ ሥራ አለው።»

«ልጀምር አስቤ ነበር» አልኳት። አላሰብኩም ነበር።

«እሺ የመጨረሻ ጥያቄ። ስትሰማ ቮሊዩሙን የት ታደርሰዋለህ?»

«ግማሹን አልፌ አላውቅም።»

ዓይን ለዓይን ተያየን። «ታዲያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምን ስትጠይቅ ነበር?»

ሽንፈትን ቶሎ የሚቀበል ሰው አይደለሁም። ጉዳዩ የጩኸት ሳይሆን የጥራት ነው አልኳት፤ መጋረጃውን አነሣሁባት። እንግዲያው እንፈትሽ አለች። ከወዳጄ ማጉያውን ለአንድ ቀን ተዋስን። የእማዬን ጋቢ በሁለት ወንበር መሀል ዘርግታ ስልኩንና ማጉያውን ከጋቢው ጀርባ ደበቀች፤ እኔ ከፊት ሄድፎን አጥልቄ እንደ ተናዛዥ ተቀመጥኩ። ሳንቲም ወርውራ ዘውድ ከሆነ ስልኩን፣ ጎፈር ከሆነ ማጉያውን ትሰካለች፤ እኔ የትኛው እንደሆነ እናገራለሁ።

መጀመሪያ ዐሥር ጊዜ። ዐሥሩንም አገኘሁ! ከወንበሬ ልነሣ ስል «ቆይ ጋሼ፣ ይሄኛው ስላላስተካከልኩት ነው፤ የሚጮኸውን ነው የመረጥከው» አለች። ቴስተር አወጣች። አንድ ወጥ ድምፅ ከፍታ የሁለቱን ቮልት ለካች፤ እኩል እስኪሆኑ ማዞሪያውን በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገችው። እንደገና ዐሥር ጊዜ።

አምስት አገኘሁ። ሳንቲሙ ራሱ ቢጠየቅ ያንኑ ያገኝ ነበር።

ያም ይሁን። ያሳፈረኝ ቀጥሎ የነገረችኝ ነው። ከእነዚያ ዐሥር ዙሮች በሦስቱ ሳንቲሙ የፊተኛውን ደግሞ ስለወጣ ገመዱን ጨርሶ አልነካችውም፤ ኮሽታ ብቻ ነው ያሰማችኝ። ከሦስቱ በአንዱ እኔ፣ «አሁን! አሁን አየር ገባበት!» ብዬ ጮኼ ነበር። ጽፋ ይዛዋለች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። አበው ይህን ያሉት ሰው የራሱን ሐሜት መጨረሻ የሚሰማው ራሱ ነው ለማለት ነው። እኔ ግን ከጋቢው ፊት ለፊት ተቀምጬ ሌላ ፍቺ አገኘሁለት። ጆሮዬ ስለ እኔ የሚያውቀውን ለእኔ አይነግረኝም። ዓይኔ ማጉያዋን ሲያይ ማጉያ ይሰማል፤ ወዳጄ መጋረጃ ሲል መጋረጃ ያነሣል፤ የእህቴ ልጅ ኮሽ ስታደርግ አየር ያስገባል። ሰው የሚለውን ሰምቶ የሚያድር የቤት እንግዳ ነው።

ደግሞስ መልሱን መቼ ፈልጌው? መልሱ በመጀመሪያው ቀን እጄ ላይ ነበር፤ ቮሊዩሙ ግማሽ ላይ ሲደርስ ይበቃኛል። እኔን የጣመኝ ጥያቄው ነው። «ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም?» እያልኩ እስካለሁ ድረስ የድምፅ ሊቅ ነኝ፤ ቡና ላይ የሚጠየቅ ሰው፣ ኦም የሚያውቅ ሰው። መልሱ የመጣ ዕለት ግን ዘፈን የሚሰማ ተራ ሰው ሆኜ ልቀር ነው። ለዚህ ነው ሦስት ሳምንት ሙሉ መሞከሪያ እየተባሉ የተመረጡልኝን ዘፈኖች ሃያ ሃያ ሰከንድ እየቆረስኩ ስቀምስ የከረምኩት። የገዛ ዘፈኔን፣ የአባቴን ቅጂ፣ በአዲሱ ሄድፎን አንድ ቀን እንኳ ከፍቼው አላውቅም። ለእሱ የሚመጥን ማጉያ እየጠበቅሁ ነበር።

ቅዳሜ ወዳጄ ማጉያውን ሊወስድ መጣ። ቡና ቀርቧል፤ እማዬ ሁለተኛውን እየቀዳች ነው። የእህቴ ልጅ ውጤቱን የጻፈችበትን ወረቀት ሰጠችው። አነበበው፣ አጥፎ መለሰላት። «ፈተና ላይ ጆሮ ይጨነቃል» አለ።

ያን ጊዜ እማዬ፣ «ታሰማኛለህ ብዬህ ነበር፤ ሞንታርቦህ እስኪተከል ልሙት?» አለችኝ።

ወዳጄ ፈጠን ብሎ ማጉያዋን አነሣ፤ ገመዱን በጣቶቹ መሀል ይዞ ለመሰካት ተዘጋጀ። እኔ ግን ሄድፎኑን በቀጥታ ስልኩ ላይ ሰካሁት። የእማዬን ሻሽ ወደ ኋላ ገፋ አድርጌ በጆሮዎቿ ላይ አስቀመጥኩላት። የአባቴን ቅጂ ከፈትኩ። የእጄ ልማድ ሆኖ ቮሊዩሙን ግማሽ ላይ አደረስኩት።

«ቀንሰው!» አለች እማዬ፣ ሄድፎን ያደረገ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ግቢው እስኪሰማ ጮኻ። «ጆሮዬን!»

ቀነስኩት። ወዳጄ ገመዱን እንደያዘ ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

እማዬ ዓይኗን ጨፍና መስማት ጀመረች። ሲኒው እጇ ላይ ቀዘቀዘ። እኛ ከሄድፎኑ ጀርባ የሚያፈተልከውን ቀጭን ድምፅ እየሰማን ቦታውን ጠበቅነው። ደረሰ። «በሩን ዝጉት!» የአባቴ ቁጣ በወንፊቱ አልፎ ለእኛም ተሰማን፤ እኔና የእህቴ ልጅ ፈገግ አልን። እማዬ ግን ዓይኗን ድንገት ከፈተች። እጇን አነሣች፤ ዝም በሉ ማለቷ ነው።

«መልሰው» አለች።

ወደ ኋላ መለስኩት። እንደገና አዳመጠች። እንደገና አስመለሰችኝ። በሦስተኛው ሄድፎኑን ከጆሮዋ ላይ አንሥታ የእኔ ላይ አደረገችው። አዳመጥኩ። «በሩን ዝጉት!» ይላል አባቴ። ከዚያ፣ ስንት ዓመት ሙሉ በቴፑ ነጠላ ስፒከር ሽሽታ መስሎን ያለፍነው ቦታ ላይ፣ ከሩቅ፣ ከጓዳ በኩል፣ የአንዲት ወጣት ሴት ድምፅ ቀስ ብሎ ይመልሳል። «ዘግቼዋለሁ እኮ!»

ሄድፎኑን አወለቅሁት። እማዬ ከእኔ ይልቅ ወደ ግድግዳው፣ ወደ አባቴ ፎቶግራፍ ዞራለች።

«ነግሬው ነበር!» አለች። «ያን ዕለት ሙሉ አኩርፎኝ ዋለ። ዘግቼዋለሁ ብዬ ነግሬው ነበር እኮ!»

ማንም አልተናገረም። ጀበናው ብቻ ይንተከተካል። ወዳጄ ማጉያዋን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተ፣ ሲኒውን አነሣ፣ ፉት አለና ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣

«በማጉያ ቢሆን ኖሮ» አለኝ፣ «የበሩ ማጠፊያ ሲጢጥ ሲል ሁሉ ይሰማ ነበር።»